የዲያቆኑ ባና

ዛሬ ከሰዓት በኋላ የጣለው ዝናብ የቤቴን ጣሪያ በአንድ ጥግ በኩል አልፎ ገባና ሣጥኑ ላይ አጣጥፌ ያስቀመጥኩትን ባና፣ ያን የበግ ሱፍ ብርድ ልብስ፣ አራሰው። ከትምህርት ቤት ተመልሼ በሩን ስከፍት ቀድሞ የተቀበለኝ ሽታው ነበር። ባና ደረቅ ሲሆን ይህን ያህል አይሸትም። ውሃ ሲነካው ግን በጉ፣ የግጦሹ ሣር፣ የቤቱ ጭስ፣ ለብሶት የተኛው ሰው ላብ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይነሣሉ። ያላረምኩትን የፈተና ወረቀት እንደታቀፍኩ ደጃፉ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ባለፈው ሳምንት በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ «ኮሌጅ ምክትል አሰልጣኝ ነበርክ አሉኝ፤ የትምህርት ቤታችንን ቡድን ለምን አትይዝልንም?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ሥራ ይበዛብኛል ብዬ አለፍኩህ። እንዳልበዛብኝ አንተም ታውቃለህ። መልሱ ይህ ወንበር ላይ የዘረጋሁት ባና ነው፤ ባናውም የእኔ አይደለም። እኔ አንድን ነገር ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ ማስረዳት አልችልምና ትንሽ ታገሠኝ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከአንድ የመምህራን ኮሌጅ ተመርቄ እዚያው በእግር ኳስ ቡድኑ ምክትል አሰልጣኝ ሆኜ ቀረሁ። ሰው ምክትል አሰልጣኝ ሲባል ከዋናው ጎን ተቀምጦ ውሃ የሚያቀብል ይመስለዋል። ግማሹ እውነት ነው። ማለዳ ሜዳው ላይ ምልክት የምደረድረው፣ ማሊያ የምቆጥረው፣ ፋሻ የማስረው፣ ቁርጭምጭሚት በቅባት የማሸው እኔ ነበርኩ። የዚያ ቅባት ሽታ ከእጄ አይለቅም ነበር፤ እንጀራ ስቆርስ እንኳ ይሸተኛል። ዋናው ሥራዬ ግን ተጫዋች መመልመል ነበር። ኮሌጁ በየዓመቱ ጥቂት ልጆችን በስፖርት ችሎታቸው ይቀበል ነበርና እነሱን ከየአገሩ ፈልጎ ማምጣት የእኔ ድርሻ ሆነ።

ዋና አሰልጣኙ ራሳቸው አይሄዱም ነበር። ትልቅ ሆድ የነበራቸው፣ ሲስቁ የሚያስሉ ሰው ናቸው። መንዝና ግሼ ሲባሉ ካፖርታቸውን ይሰበስባሉ። «የዚያ አገር ብርድ ለእኔ ጉልበት አይሆንም። አንተ ደብተር፣ ሂድና እግር አምጣልኝ» ይሉኛል። ደብተር ያሉኝ ከእጄ ስለማይለይ ነው። ባለ መስመር ደብተር ገዝቼ፣ በማስመሪያ ከፋፍዬ፣ በየአምዱ የልጁን መንደር፣ ዕድሜ፣ ቁመት፣ የሚመታበትን እግር፣ የትምህርት ውጤቱን እጽፍ ነበር። መጨረሻ ላይ «ልዩ ማስታወሻ» የሚል ሰፊ አምድ ነበረኝ። ያ አምድ ኩራቴ ነበር። ከእኔ በፊት የነበረው ምክትል በቃሉ ነበር የሚሠራው፤ እኔ ግን ምንም ነገር እንዳይረሳ ነበር የተነሣሁት።

እንግዲህ ደብተሬን ይዤ ሞላሌ ገበያ ላይ ስዞር ዓይኔ ሁልጊዜ ወደ ታች ነበር። የልጁን ፊት ከማየቴ በፊት እርምጃውን፣ ጭነት ተሸክሞ ሲዞር የሚረግጥበትን እግር አያለሁ። አንድ ቀን በግ የሚሸጡ ሴትዮ ዝም ብለው ሲመለከቱኝ ቆዩና፣ «አንተ ልጅ፣ የምትፈልገው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«የኳስ ተጫዋች ነው እማማ። ለኮሌጅ።»

«እኔስ ነጋዴ መስለኸኝ ነበር። እግር እግር ስታይ።» ከዚያ ወደ ጓደኛቸው ዞረው፣ «በግ የሚገዛ እንኳ ጥርስ ያያል» አሉ። ሁለቱም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። በቁም ነገር ብወስደው ኖሮ ትልቅ ምክር ነበር።

ከሁሉ የተሻለው የምልመላ ቀን ገና ነበር። ይህን የደረስኩበት እኔ ነኝ ብዬ እኮራ ነበር። ኳስ በሌለበት ቀበሌ ሁሉ በገና ከሰዓት ቆልማማ ዱላና የእንጨት ሩር አለ። ኮረብታው ላይ ሁለት መንደር ይሰለፋል፤ ሽማግሌው ሳይቀር ይሮጣል። ዱላውን ትቼ እግሩን ካየሁ ማን ቀድሞ እንደሚዞር፣ ማን ሲገፋ እንደማይወድቅ፣ ማን ሩሩ ከመድረሱ በፊት ቦታውን እንደሚያውቅ ከአንድ ዓመት ልምምድ ይልቅ በአንድ ከሰዓት ይታወቃል።

አንድ ገና ግሼ ውስጥ፣ ራቤል አጠገብ ካለች አንዲት ደብር ሥር ባለ መስክ ላይ ቆሜ ነበር። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ፀሐይዋ ብሩህ ናት፤ ሙቀት ግን የላትም። በታችኛው መንደር ወገን አንድ ቀጭን ልጅ ነጠላውን ወገቡ ላይ አጥብቆ አስሮ ይጫወታል። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ቀድሶ ያደረ ዲያቆን መሆኑን ኋላ ነው የሰማሁት። ሰው ሁሉ ወደ ሩሩ ሲሮጥ እሱ ሩሩ ወደሚመጣበት ይሄድ ነበር። አንድ ግዙፍ ጎልማሳ በትከሻው ሲገፋው በግራ እግሩ ተሽከረከረና አመለጠ፤ ሰውየው ባዶውን ገፍቶ ጭቃው ላይ ተቀመጠ።

«ዲያቆን ሆነህ ሰው ትጥላለህ?» አለ ጎልማሳው ከተቀመጠበት።

«ጋሼ፣ እኔ አልነካሁዎትም። እርስዎ ነዎት የሰገዱት» አለ ልጁ።

መስኩ በሳቅ ተናወጠ። እኔ ደብተሬን አወጣሁና «ግራ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ትምህርቱን ጨርሷል፤ ውጤቱ ለኮሌጅ ይበቃል። የሚያስፈልገው የአባቱ ፈቃድ ብቻ ነበር። አባቱ የዚያች ደብር ቄስ ናቸው፤ ገብስ ያርሳሉ፣ ጥቂት በጎችም አሏቸው። በማግሥቱ ከድንጋይ ወደ ተሠራው ቤታቸው ሄድኩ። ጠላ ቀረበ፣ የገብስ ቆሎ ቀረበ። ስለ ኮሌጁ፣ ስለ ማደሪያው፣ ስለ ዲፕሎማው በቅደም ተከተል አስረዳሁ። ማስረዳት እንደምወድ ታውቃለህ። ቄሱ ቆሎውን በመዳፋቸው ይዘው ሳይበሉ ሰሙኝ። ሁለት ሽማግሌዎችም ተጠርተው አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር።

ስጨርስ፣ «ሦስት ነገር ልለምንህ ነው» አሉኝ።

ደብተሬን ከፈትኩ፤ «ልዩ ማስታወሻ» የሚለው አምድ ላይ እርሳሴን አሳረፍኩ።

«አንደኛ፣ ጾም አታስገድፉት። ኳስ ነው ብላችሁ።»

ጻፍኩ።

«ሁለተኛ፣ በዓል ሲሆን ይቀድስ። ክህነቱን ኳስ እንዳትበላው።»

እሱንም ጻፍኩ። ከዚያ ተነሡ፤ ልጁንም ጠሩት። የእሱን ቀኝ እጅ ያዙና የእኔ እጅ ውስጥ አኖሩት፤ የራሳቸውንም እጅ ከላይ ደረቡበት። መዳፋቸው የደረቀ አፈር ይመስል ነበር። «ሦስተኛው ይኸ ነው። ከእጄ እንደወሰድከው በእጅህ መልስልኝ። ዲፕሎማ ይዞም ቢሆን፣ ሳይዝም ቢሆን።»

ሽማግሌዎቹ «አሜን» አሉ። እናቱ ከጓዳ ይህን ባና ይዘው ወጡ። ሱፉን ራሳቸው የፈተሉት ነው፤ ጥቁርና ቡና ዓይነት። ልጁ ትከሻ ላይ ጣሉት።

ሦስተኛውን አልጻፍኩም። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። ምርቃት መስሎኝ ነበር። ሰው ሲሸኝ የሚባል ነገር፣ «በደህና ግባ» እንደማለት። ጾምና ቅዳሴ ሥራ ናቸው፤ ቀን አላቸው፤ ሊጻፉ ይችላሉ። እጅ በእጅ ላይ ማኖርን የትኛው አምድ ውስጥ ላስገባው?

ኮሌጁ ውስጥ ሁሉም «ዲያቆኑ» ይሉት ጀመር። ማንም ሳይነቃ ተነሥቶ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ይመጣል፤ ባናውን ተከናንቦ ሜዳው ላይ ቀድሞ የሚጠብቀኝ እሱ ነበር። ጤዛ የነካው ባና ያንን ሽታ ያወጣል። ምልክቶቹን አብሮኝ ይደረድራል። ስፖርት ክፍል ነው የተመደበው፤ ተግባሩም ንድፈ ሐሳቡም ቀሎት ነበር። ከጨዋታ በፊት ጓደኞቹ «ዲያቆን፣ እስቲ ጸልይልን» ሲሉት፣ «ለጎል የተጻፈ ጸሎት የለም፤ ሩጡ» ይላቸዋል። ዋና አሰልጣኙ ስሙን ለማወቅ አንድ ዓመት ፈጀባቸው። «ያ ግራ እግር» ይሉት ነበር።

እኔ የአባቱን ሁለት ቃላት ጠብቄያለሁ። በጾም ቀን ልምምዱን ወደ ምሽት አዛውሬለታለሁ። በበዓል ቀን ማንም ሳይጠይቀኝ ፈቃድ ጽፌለታለሁ። ደብተሩ ላይ በየጊዜው ምልክት አደርግ ነበር፤ ተፈጽሟል፣ ተፈጽሟል። ያ ገጽ አሁንም ሣጥኑ ውስጥ አለ። እንዴት ንጹሕ ነው መሰለህ።

በሁለተኛው ዓመት፣ በዐቢይ ጾም መካከል፣ ከሌላ ኮሌጅ ጋር የዋንጫ ጨዋታ ነበረን። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ልብስ ሲቀይር ወደ እኔ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «መምህር፣ ጉልበቴ ውስጥ የሆነ ነገር የሚንቀሳቀስ ይመስለኛል» አለኝ።

«ያምሃል?»

«አያምም። ግን የእኔ አይመስለኝም።»

ጉልበቱን አሸሁት፤ ምንም አላገኘሁም። ለዋና አሰልጣኙ ነገርኳቸው። «ሃያ ደቂቃ ይጫወት፤ ከዚያ አወጣዋለሁ» አሉ። ምክትል ማለት እዚህ ላይ ነው የሚፈተነው። የልጁን ቃል የሰማሁት እኔ ነኝ፣ ጉልበቱን የነካሁት እኔ ነኝ፤ «አይሆንም» ለማለት ሌላ ሰው አልነበረም። እኔ ግን ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው ብዬው ፋሻ አመጣሁ። አጥብቄ፣ በደንብ አሰርኩት። ሥራዬ ያማረ ነበር። ሃያ ደቂቃው አለፈ፤ ሠላሳ ሆነ፤ እኔም ሰዓቴን እያየሁ ዝም አልኩ፤ ምክንያቱም እያሸነፍን ነበር። ከዚያ ማንም ሳይነካው በግራ እግሩ ሲዞር ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ተመልካቹ እየጮኸ ነበር፤ እኔ ግን ያንን ድምፅ ከጩኸቱ ለይቼ ሰማሁት።

ሣሩ ላይ ተጋድሞ ፊቴን አየና፣ «ሃያ ደቂቃው አላለቀም እንዴ?» አለኝ። እየቀለደ ነበር።

ወራት ካለፉ በኋላ ሐኪሙ ዳግመኛ እንደማይጫወት ቁርጡን ነገረን። ስፖርት ክፍል ውስጥ ደግሞ ሳይሮጡና ሳይዘሉ ተግባሩን ማለፍ አይቻልም ነበር። በስብሰባ ላይ ጉዳዩ ተነሣ። ወደ ሌላ ክፍል ቢዛወር የሚል ሐሳብ ቢቀርብ ኖሮ ይቻል ነበር፤ ማንም አላቀረበውም፤ ተናጋሪው እኔ መሆን ነበረብኝ። ያን ጊዜ ቋሚ ቅጥር እየጠበቅሁ ነበርና ከዋና አሰልጣኙ ሐሳብ መውጣት ፈራሁ። በስፖርት የገባ በስፖርት ይወጣል ተባለ። «ነገሩን ደብተር ለልጁ ይንገረው፤ ያመጣው እሱ ነው» አሉ ዋና አሰልጣኙ። በዚህ እንኳ ትክክል ነበሩ።

ይህን ልነግረው አራት ቀን ነበረኝ። በየቀኑ ወደ ማደሪያው እሄዳለሁ፤ እሱም ባናውን እግሩ ላይ ጥሎ፣ «መምህር፣ ዛሬ ትንሽ አጠፍኩት» እያለ ጉልበቱን ያሳየኛል። በየቀኑ ጎበዝ ብዬው እወጣለሁ። በመጨረሻ ያደረግሁትን ልንገርህ። ቢሮ ገብቼ ደብዳቤ ጻፍኩ። ለአባቱ። ሦስት አንቀጽ ነበረው፤ አንድም ስርዝ የለውም። አስፈረምኩ፣ ማኅተም አስመታሁ፣ በፖስታ አሸግሁት። ልጁን «ለዕረፍት ቤትህ ሄደህ ጉልበትህን አስታምም፤ ይህን ለአባትህ ስጥልኝ» አልኩት።

መናኸሪያው ገና ከጭጋግ አልወጣም ነበር። የናፍጣ ጭስ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ የረዳቶቹ ጥሪ። ሁለቱን ምርኩዞች ብብቱ ሥር አድርጎ፣ «አባቴ ሁልጊዜ መቋሚያ ያዝ ይለኝ ነበር። አሁን ሁለት ይዤለት እሄዳለሁ» አለኝ። ከዚያ ባናውን አጣጥፎ ሰጠኝ። «ጭነት ነው መምህር። ሲሻለኝ እመለሳለሁ፤ እስከዚያ እርስዎ ጋር ይቆይልኝ።»

«እሺ» አልኩት።

ደብዳቤው በደረት ኪሱ ውስጥ ነበር። ምን እንደሚል እኔ አውቃለሁ፤ ተሸካሚው አያውቅም። የራሱን መሰናበቻ ራሱ ይዞ አውቶቡስ ላይ ወጣ። በመስኮት እጁን ሲያውለበልብልኝ እኔም አውለበለብኩ። አንድ መቀመጫ አጠገቡ ባዶ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ድረስ አያለሁ፤ ያ መቀመጫ የእኔ ነበር።

ከዐሥር ቀን በኋላ ስልክ ደወለ። ግሼ ላይ መስመር የሚገኘው ኮረብታ ላይ ነው፤ ነፋሱ ይሰማኛል። ሰላምታውን በሙሉ አቀረበ፤ ቤተሰቡ ደህና መሆኑን ነገረኝ። ከዚያ፣ «አባቴ ደጃፍ ላይ አነበበልኝ» አለ። «መምህር፣ ፊት ለፊት ቢነግሩኝ ኖሮ እሰማዎት ነበር» አለኝ። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። መስመሩ ተቋረጠ፤ ወይም እሱ ዘጋው። መልሼ ልደውል ስልኩን ይዤ ቆየሁ። ማታ እደውላለሁ አልኩ። ማታ፣ ነገ አልኩ። በመጨረሻ የደወልኩ ቀን ስልኩ ዝግ ነበር።

እንግዲህ የምክትልነት ሥራዬ ከዚያ በኋላም ለአንድ ዓመት ቀጠለ። ቋሚ ቅጥሩም ተገኘ። ሞላሌ ሄድኩ፣ ዘመሮ ሄድኩ፤ ልጆች መለመልኩ። ወደ ግሼ ግን አልወጣሁም። መንገዱ ተበላሽቷል እያልኩ ሪፖርት ጻፍኩ። አንድ ገና ላይ ዘመሮ መስክ ዳር ቆሜ ደብተሬን ከፈትኩና አንድ ልጅ በግራው ሲዞር አየሁ። መጻፍ አቃተኝ። እጄ ሳይሆን ዓይኔ ነው እምቢ ያለው፤ ወደ ታች ማየት አልቻልኩም። ዓመቱ ሲያልቅ መልቀቂያ አስገብቼ እዚህ ሞላሌ አስተማሪ ሆንኩ። ዋና አሰልጣኙ ሲሸኙኝ፣ «እንዳንተ እግር የሚያውቅ አላገኝም» አሉኝ። ሊያመሰግኑኝ ነበር።

ግሼ የሄድኩት ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ነው። አራት ዓመት ቆይቼ። ባናውን ይዤ ሄድኩ። ከመሄዴ በፊት ለክብሩ ብዬ በሳሙና አጠብኩት።

ቄሱ ከቤታቸው ፊት ለፊት ካለው የድንጋይ ካብ ላይ ዳዊታቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር። ጢማቸው ጨርሶ ነጥቷል። ከሩቅ ለዩኝ፤ ተነሡም። ሰላምታ ሳይሰጡኝ በፊት በትከሻዬ ላይ አሻግረው ከኋላዬ ያለውን መንገድ ተመለከቱ። ብዙ ተመለከቱ።

«ብቻህን ነው የመጣኸው?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ነው ሦስተኛው ቃል ምርቃት እንዳልነበረ የገባኝ።

እግራቸው ሥር ወደቅሁ። አንሥተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ልጁ የት እንዳለ ስጠይቃቸው አንገታቸውን ወደ ምዕራብ አዘነበሉ። «ወደ ቆላ ወረደ። መርሐቤቴ ግድም ሥራ አለ ብሎ። አንድ ጊዜ በሰው ሰላምታ ላከ። ከዚያ ወዲህ የለም።»

«መቼ ሄደ አባ?»

«ደብዳቤህ በመጣ በዓመቱ።» ዳዊታቸውን ከፈቱ፤ ከገጾቹ መካከል ያንን ወረቀት አወጡ። እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ደርሷል። «ጽሕፈትህ ደግ ነው» አሉ። «እኔ ግን መምህር፣ ልጄን ለወረቀት አልሰጠሁም።»

ወረቀቱን መልሰው ከገጾቹ መካከል አኖሩት።

«ግባ አልኩት፤ ገባ። አበላነው፤ ጉልበቱን አሸነው። ጎረቤት 'ልጅዎ ተመለሰ ወይ?' ሲለኝ ግን 'ገና ነው፤ የወሰደው ሲያመጣው ነው' እል ነበር። ሽማግሌዎቹ ፊት እጅ በእጅ ሰጥቼ፣ እንዴት አድርጌ ተረክቤያለሁ ልበል? ትመጣለህ ብዬ ነበር። በየሳምንቱ አውቶቡስ ሲመጣ ትመጣለህ እል ነበር።» ዳዊቱን ዘጉ። «ልጁ ይህን ስል ይሰማኝ ነበር። በቤቱ ውስጥ እንግዳ ሆነ። ይህ የእኔ በደል ነው፤ ያንተ አይደለም። እሄዳለሁ ያለኝ ቀን 'አትሂድ' የምትለው ቃል አፌ ላይ መጥታ ነበር። ያልተረከብኩትን ልጅ አትሂድ የምለው በምን ሥልጣን ነው ብዬ ዋጥኳት። ሞኝነት ነው። አሁን ሞኝነት እንደሆነ አውቃለሁ።»

ባናውን አወጣሁ። በሁለት እጄ ዘረጋሁላቸው። እሳቸው አልተቀበሉኝም። እናቱ ግን ከቤት ወጥተው መጡና ጫፉን ይዘው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ዓይናቸውን ገልጠው፣ «ሳሙና ሳሙና ይላል» አሉ። «ባና በሳሙና ይታጠባል እንዴ ልጄ? የሱን ሽታ አወጣኸው እኮ።»

ከሁሉ የጎዳኝ ይህ ነው። ሌላውን ሁሉ እያወቅሁ ፈርቼ ነበር ያደረግሁት። ይህን ግን በጎ የሠራሁ መስሎኝ ነው።

ስነሣ ባናውን ካቡ ላይ ላስቀምጥ ብል ቄሱ መልሰው ክንዴ ላይ ጣሉት። «ብቻውን አይመለስም። ከልጁ ጋር ነው የወጣው» አሉ። «እጅህን አምጣ።» ሰጠኋቸው። በዚያ እንደ ደረቅ አፈር በሆነ መዳፋቸው ያዙኝ፤ ከላይ የሚደረብ ሌላ እጅ ግን አልነበረም። ያዙኝና ትንሽ ቆዩ። «ስታገኘው በእጅህ አምጣልኝ። ዲፕሎማ አልፈልግም። እኔ ብሞት እናቱ ትረከባለች።» ከዚያ እንደ ማንኛውም እንግዳ እስከ መንገዱ ድረስ ሸኙኝ።

ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ወደ መርሐቤቴ እወርዳለሁ። ሦስት ጊዜ ወርጃለሁ። በየገበያው እጠይቃለሁ፤ ቁመቱን እነግራለሁ፣ ትንሽ ያነክሳል እላለሁ። ሰዎች «መልኩስ?» ሲሉኝ እቸገራለሁ። ሁለት ዓመት በየቀኑ አይቼው ፊቱን በደንብ መግለጽ አልችልም። እርምጃውን ግን ከሺህ ሰው መካከል አውቀዋለሁ፤ ማለት ከመሰበሩ በፊት የነበረውን እርምጃ። አሁን እንዴት እንደሚራመድ አላውቅም።

ከግሼ በተመለስኩ ምሽት የድሮውን ደብተር አውጥቼ የሱን ገጽ ገልጬ ነበር። ከሁለቱ ቃላት ሥር «ሦስተኛ፦ በእጅ መመለስ» ብዬ ጻፍኩ። አጠገቡ ያለው ቦታ ባዶ ነው።

እንግዲህ ቡድኑን የማልይዘው ለዚህ ነው። ልጆቹን ሰብስቤ፣ አሰልጥኜ፣ ወላጆቻቸው ደጅ ሄጄ፣ እጃቸውን እጄ ውስጥ ሲያኖሩልኝ፣ ቀድሞ የያዝኩትና ያልመለስኩት አንድ እጅ አለና ሌላ የምቀበልበት የለኝም።

ዝናቡ አባርቷል። ከባናው ጫፍ የሚወርደው ጠብታም ረጋ ብሏል። ሽታው ግን አሁንም አለ፤ ሳሙናው በዓመቱ ለቆ የበጉና የጭሱ ሽታ ተመልሷል። የእሱስ ተመልሶ እንደሆነ እናቱ ብቻ ናቸው የሚያውቁት። ነገ ፀሐይ ከወጣች የትምህርት ቤቱ ደወል ከመደወሉ በፊት ግቢው አጥር ላይ አሰጣዋለሁ። ልጁ የመጣ ቀን እርጥብ ሆኖ እንዳያገኘው።